ዳገቱ ነው ወይስ ጭሱ?

ላስታ ውስጥ ሰው ትንፋሹ ሲያጥር ሰበብ አይጠፋም። ላሊበላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከበላይዋ የቆመው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። አንዲት የሃምሳ ዓመት እናት ውኃ ቀድተው ሲመለሱ ሦስት ጊዜ ቢያርፉ ዳገቱ ነው ይባላል። ሌሊቱን ሲያስሉ ቢያድሩ ብርድ መቷቸው ነው። ደረታቸው ሲር ሲር ቢል አስም ነው። ዳማከሴ ይታሻል፣ ጦስኝ ይፈላል፣ ጠበል ይኬዳል። ሳሉ ከሰነበተ ጤና ጣቢያ ሄደው አክታ ይሰጣሉ፤ የሳንባ ነቀርሳ የለም ተብለው ይመለሳሉ። በሦስት ድንጋይ መካከል የሚነደውን እሳት ግን ማንም አይከሰውም።

የዚህ ታሪክ ሁለት ጫፎች፣ የላስታ ምድጃና የትንፋሽ መለኪያው፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ሳይተዋወቁ ኖረዋል። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ጉልቻው ይቀድማል። ንጉሥ ላሊበላ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ13ኛው መባቻ ዐለቱን ሲያስፈለፍል፣ የጠራቢዎቹ ምግብ የበሰለው በእንጨት እሳት ላይ ነው። የላስታ ገበሬ ቤትም ለጭስ የተመቸ ነው። ከድንጋይ የተሠራው ክብ ቤት አንዳንዱ ሁለት ደርብ አለው፤ ከብቱ ከታች፣ ሰው ከላይ። ውርጭ እንዳይገባ መስኮቱ ይጠባል ወይም ጭራሽ አይኖርም። የጭስ መውጫ የለም፤ ጭሱ በሳር ክዳኑ እየሾለከ ይወጣል፤ ሲወጣም ሳሩን ከነፍሳት ይጠብቃል፣ ማገሩን በጥቀርሻ ለብጦ ያጠነክራል። ስለዚህ ጭስ ለባለቤቱ የቤት ጠባቂ ነበር። ጫካው ሲራቆት ወይራና ጥድ በኩበትና በባሕር ዛፍ ቅጠል ተተኩ። ኩበት ከደረቅ እንጨት ይልቅ እንደሚጨስ ያነደደ ሁሉ ያውቃል።

በሽታው በሐኪም ቋንቋ ሥር የሰደደ የሳንባ አየር ቧንቧ መጥበብ ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ ሲኦፒዲ ይሉታል። ጭስና አቧራ ለዓመታት ያቆሰሏቸው ቧንቧዎች ይጠባሉ፤ በጫፋቸው ያሉት የአየር ከረጢቶችም እየፈረሱ ይላላሉ። አየሩ ይገባል፤ ጭንቁ መውጣቱ ላይ ነው።

ይህን መጀመሪያ በጆሮ ያደመጠው ሰው ፓሪስ ነበር። በ1816 ሬኔ ላኔክ የተባለ ሐኪም የአንዲት ወጣት ልብ ለማድመጥ ጆሮውን ደረቷ ላይ ማሳረፍ አፍሮ፣ ወረቀት ጠቅልሎ አንዱን ጫፍ ደረቷ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አደረገ። በቀጥታ ከማድመጥ ይልቅ ጠርቶ ተሰማው። ወረቀቱ የእንጨት ቱቦ ሆነ፣ በ1819 ስለ እርሱ መጽሐፍ ታተመ፤ ዛሬ የሐኪም ምልክት የሆነው ማዳመጫ እንዲህ ተወለደ። ላኔክ የሞቱትንም ከፍቶ ያይ ነበር። ጤነኛ ሳንባ ደረቱ ሲከፈት ወዲያው ይሟሽሻል፤ የአንዳንዶቹ ግን እንደተነፋ ቀረ። አየሩ ሞልቶ መውጫ አጥቷል። ላኔክ ራሱ በ1826 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ።

ጆሮ ያደምጣል እንጂ አይመዝንም። መመዘኑ የመጣው በ1846 ነው። ጆን ሃቺንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ውኃ ላይ የተደፋ ደወል የመሰለ ዕቃ ሠርቶ፣ ሰው በቱቦ ሲተነፍስ ደወሉ ምን ያህል እንደሚነሳ አነበበ። መርከበኛውን፣ ፖሊሱን፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛውን፣ ድሃውን፣ ባለጸጋውን እያስነፋ ከ2,000 በላይ ሰው ለካ፤ የትንፋሽ መጠን ከቁመት ጋር እንደሚያድግም አገኘ። መሣሪያውን ስፓይሮሜትር አለው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1851፣ ሳሙኤል ካርትራይት የሚባል የአሜሪካ ደቡብ ሐኪም ይህንኑ መሣሪያ ይዞ የጥቁር ባሪያዎች ሳንባ ከነጮቹ ያንሳል፣ ስለዚህ ጉልበት ሥራ ይበጃቸዋል ብሎ ጻፈ። ከዚያ የወረደው «ለጥቁር ቀንስ» የሚል ስሌት በመሣሪያዎቹ ውስጥ ተቀብሮ እስከ እኛ ዘመን ደርሷል። ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ሃቺንሰን የለካው ምን ያህል አየር እንደሚወጣ ነው። በምን ፍጥነት እንደሚወጣ ለመጠየቅ ሌላ መቶ ዓመት ፈጀ። በ1947 ፈረንሳዮቹ ቲፍኖና ፒኔሊ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚወጣውን ለይተው ለኩ። ቁም ነገሩ ያለው እዚያች ሰከንድ ላይ ነው። ጤነኛ ሰው አብዛኛውን አየር በመጀመሪያዋ ሰከንድ ይለቃል፤ ቧንቧው የጠበበበት ግን ጠባብ አፍ እንዳላት ጠርሙስ ቀስ እያለ ያንጠባጥባል።

በታኅሣሥ 1952 የለንደን ሰማይ በከሰል ጭስ ተዘግቶ አምስት ቀን ቆየ፤ በመጀመሪያው ግምት ብቻ 4,000 ያህል ሰው ሞተ። ጭስ እንደሚገድል ዓለም ያመነው ያኔ ነው፤ ያም የፋብሪካና የከተማ ጭስ ነበር። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ለንደናዊው ቻርልስ ፍሌቸር የትንፋሽ ማጠርን በጥያቄ የሚለካ ሚዛን አዘጋጀ። ደልዳላ መንገድ ላይ ከእኩዮችህ ጋር እኩል ትሄዳለህ? ትንሽ ዳገት ስትወጣስ ታለከልካለህ? ሚዛኑ ዛሬም በመላው ዓለም ይሠራበታል። ላስታ ውስጥ ግን ደልዳላውን መንገድ ከየት ያመጡታል? እዚያ የሚያዋጣው ጥያቄ ሌላ ይመስለኛል፦ «ማዶ ያለ ለቅሶ መሄድ ካቆሙ ስንት ጊዜዎ?»

ከአውሮፓ ውጪ ምድጃውን ካስተዋሉት ቀደምት ሐኪሞች አንዷ ዴሊ ነበሩ። የልብ ሐኪሟ ፓድማቫቲ በ1959 ከአንድ ባልደረባቸው ጋር 127 ሕሙማን አይተው ጻፉ፤ ሳንባ ታምሞ ልብን ያደከመባቸው ሰዎች ናቸው። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ሴቶች፣ ሲጋራ በአፋቸው ያልዞረ ሴቶች ነበሩ። ዓይን ወደ ማድ ቤት መዞር የጀመረው እዚህ ነው። ጽሑፉ የታተመው በታወቀ የልብ ሕክምና መጽሔት ላይ ነው፤ ሆኖም የሳንባ ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ የሲጋራውን መንገድ ይዘው ቀጠሉ። በ1965 በሽታው ዛሬ የሚጠራበትን ስም ሲያገኝም የተሰባሰቡት አሜሪካ፣ አስፐን ነበር።

አስፐን በኮሎራዶ ተራሮች ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ለእኛ ይህ ትርጉም አለው። የዚያው ግዛት ዋና ከተማ ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ናት። ሳንባው የተጎዳ ሰው ከፍታ ላይ ሲኖር አየሩ ራሱ ስስ ስለሆነ ጉዳቱ በእጥፍ ይሰማዋል። ቶማስ ፔቲና ባልደረቦቹ ኦክስጅንን እንደ ውኃ ኮዳ ተሸክሞ የሚዞር ሕመምተኛን የሞከሩት እዚያ ነው። በ1980ና በ1981 የወጡ ሁለት ጥናቶች፣ አንዱ የአሜሪካ ሌላው የብሪታንያ፣ ደማቸው ኦክስጅን ያጠረባቸው ሕሙማን በቀን 15 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሲሰጣቸው ዕድሜያቸው እንደሚረዝም አረጋገጡ። ዴንቨር ከላሊበላ 900 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። መብራትም እዚያ በየቤቱ አለ።

በእነዚያው በ1960ዎቹ ተመራማሪዎች ወደ እኛው ተራራ መጡ። ሃሪሰን የሚባል የኦክስፎርድ ሊቅ የመራው ቡድን በስሜን ሁለት ቦታ መረጠ፦ 1,500 ሜትር ላይ ያለችውን አዲ አርቃይንና 3,000 ሜትር አካባቢ ያለችውን ደባርቅ። ቁመት፣ ደረት፣ ደም፣ ትንፋሽ ተለካ፤ ውጤቱ በ1969 ታተመ። የደጋዎቹ ደረት ሰፊ፣ የሚያወጡት ትንፋሽም ከቆለኞቹ የበዛ ሆኖ ተገኘ። የካርትራይት «ለጥቁር ቀንስ» ወሬ ደባርቅ ላይ ቢሰማ ያስቅ ነበር። ሆኖም የቡድኑ ጥያቄ የሰው ልጅ ከተራራ ጋር እንዴት ተላመደ የሚል ነው፤ ማን ታመመ አይልም። ጉልቻው አጠገባቸው ይነዳል።

መድኃኒቱ በመካከሉ መጣ። በ1955 አሜሪካ ውስጥ አንዲት አስም ያለባት ልጅ መድኃኒቷ ለምን እንደ ፀጉር ስፕሬይ እንደማይነፋ አባቷን ጠየቀች፤ አባትየው የመድኃኒት ኩባንያ ኃላፊ ስለነበሩ ጥያቄው ዕቃ ሆነ። እኛ ፓፍ የምንለው እርሱ ነው። በ1969 ሳልቡታሞል ተጨመረበት፤ ቬንቶሊን የሚለው ስም ከአዲስ አበባ እስከ ገጠር መድኃኒት ቤት የታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው። ሳልቡታሞል ቧንቧውን ያጠበበውን ጡንቻ ለሰዓታት ያላላል፤ የፈረሰውን ከረጢት ግን አይጠግንም።

የበሽታውን አካሄድ ያሳየው ትልቁ ሥራ በ1977 ወጣ። ፍሌቸርና ሪቻርድ ፒቶ በምዕራብ ለንደን 792 ሠራተኞችን ስምንት ዓመት ተከታትለው፣ ሳንባ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እንደሚደክም፣ ሲጋራ በሚጎዳቸው ሰዎች ግን ቁልቁለቱ እንደሚፈጥን፣ ማጨስ ሲያቆሙም እንደገና እንደሚዘገይ በአንድ ሥዕል አሳዩ። የሳንባ ሐኪም የሆነ ሁሉ ያንን ሥዕል በቃሉ ያውቀዋል። 792ቱም ወንዶች ነበሩ። ሥዕሉን በጣም እወደዋለሁ፤ ግን ለሠላሳ ዓመት በሽታው የወንድና የሲጋራ ነው የሚለውን እምነት ያጸና እርሱም ነው።

ከዚያ በኋላ ላስታ ሌላ ነገር ላይ ነበረች። የ1984ና የ1985 ረሃብ ወሎን ሲያራግፍ ስለ ትንፋሽ መጠን የሚጠይቅ አልነበረም። የሚገርመው፣ የእኛ ሰዎች የራሳቸውን ትንፋሽ ለመጀመሪያዎቹ ጊዜያት በሥርዓት የመዘኑት በዚያው በ1985 መሆኑ ነው። በኋላ በአገሪቱ ሙሉ ፕሮፌሰር ለመሆን የመጀመሪያዋ ሴት የሆኑት ያለምፀሐይ መኮንን ከአንድ ባልደረባቸው ጋር የማያጨሱ ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ወንዶችንና ሴቶችን በስፓይሮሜትር ለክተው፣ በብሪታንያ የደረት ሕክምና መጽሔት ላይ አሳተሙ። ሥራው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ጤነኛው ምን ያህል እንደሚተነፍስ ሳይታወቅ ታማሚውን «አነሰብህ» ማለት አይቻልም። በ1990ዎቹ ደግሞ የጥጥ አቧራ የሚያፍናቸው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ተመረመሩ። ያም ፋብሪካ ነው፤ ማድ ቤቱ አሁንም ይጠብቃል።

ማድ ቤቱን ያየው የጤና ሰው ሳይሆን የማገዶ ሰው ነበር። በዚያው አሥር ዓመት የመንግሥት የኃይል ተመራማሪዎች ምርጥ ምጣድን አወጡ። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚቀረጽ፣ እሳቱን ከቦ የሚይዝ ምድጃ ነው። ዓላማው ማገዶ ማዳን ሲሆን ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ ይቆጥባል፤ ጭስ መቀነሱ እግረ መንገዱን የመጣ በረከት ነው። ደን ለማዳን የተሠራ ዕቃ ሳንባ ያድናል ብሎ የገመተ ብዙ አልነበረም።

በ1996 ግን የላስታን ሁኔታ የሚመስል ነገር ከሩቅ ተሰማ። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ 2,640 ሜትር ላይ ናት፤ ከላሊበላ ጋር ትከሻ ለትከሻ ማለት ይቻላል። እዚያ የሆስፒታል ሐኪሞች የአየር ቧንቧቸው የጠበበባቸውን ሴቶች ከሌሎች ሴቶች ጋር ሲያነጻጽሩ፣ በእንጨት ስታበስል የኖረች ሴት የመታመም ዕድሏ አራት እጥፍ ገደማ ሆነ። በዚያው ዓመት የሜክሲኮ ሐኪሞች አንዲት ቀላል ሒሳብ አመጡ፤ በቀን ምድጃ ዳር የሚታለፈውን ሰዓት በዓመታት ቁጥር ማባዛት። ብዜቱ ከ200 ባለፈ ሴት ላይ ሥር የሰደደ ሳልና የቧንቧ መጥበብ አብረው የመገኘት ዕድል በ75 እጥፍ ተሰላ። ሲጋራን በፓኮ እንደሚቆጥሩት ምድጃን በሰዓት መቁጠር ተጀመረ ማለት ነው።

በ2001 የዓለም የሳንባ ሐኪሞች በአንድ መመሪያ ተስማሙ። መድኃኒት ከተሳበ በኋላም በአንደኛዋ ሰከንድ የወጣው አየር ከጠቅላላው ከ100 እጅ 70 ካልሞላ ሕመሙ አለ። ግልጽ ነው፤ ስፓይሮሜትር ላለው።

በቀጣዩ ዓመት ከስሜን ሌላ ዜና መጣ። ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት ከባልደረቦቿ ጋር 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 አማሮችን መረመረች። ከዚህ ቀደም የአንዲስ ሰዎች ደማቸው እንደሚወፍር፣ የቲቤቶቹ ኦክስጅናቸው እንደሚያንስ ታውቋል። የስሜኖቹ ሁለቱንም አላሳዩም። በአማካይ ደማቸው ከ100 እጅ 95.3 ኦክስጅን ተሸክሟል፤ ሄሞግሎቢናቸውም ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ብዙ አይርቅም። ጥናቱ የስሜን እንጂ የላስታ አይደለም፤ ቢሆንም ለጎረቤት ደጋ የሚያስጠነቅቅ ነገር አለው። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ዝቅ ያለ ቁጥር ሲያሳይ «ተራራው ነው» ብሎ ማለፍ ከዚህ በኋላ ያን ያህል ቀላል አይሆንም።

ቡታጅራ ውስጥ ደግሞ አበራ ቁሜና ባልደረቦቻቸው ማድ ቤቶች ውስጥ መለኪያ ሰቅለው የጭሱን ጋዝ መዘኑ፤ በ2009 ያወጡት ውጤት የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ወሰን ከእጥፍ በላይ ነበር። ከ2003 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ሲሰማሩ ማድ ቤትን ከመኖሪያ መለየትና የተሻሻለ ምድጃ መሥራት የትምህርታቸው ክፍል ሆነ። ቦርሳ አንግታ ከጎጥ ጎጥ የምትወጣው የላስታ ወጣት፣ ሳታውቀው፣ የሳንባ ሕክምና ጀማሪ ነበረች።

ሐኪሙ ግን አልነበረም። የሳንባ ስፔሻሊስት በአገሪቱ በጣት የሚቆጠር ነበር። በ2013 ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ውስጥ ከአሜሪካና ከስዊዘርላንድ በመጡ መምህራን እገዛ የሳንባና የጽኑ ሕሙማን ስፔሻሊቲ ሥልጠና ተከፈተ፤ በ2015 የመጀመሪያዎቹ ተመረቁ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ለጤና ጣቢያ ሠራተኞች የተዘጋጀ አገር አቀፍ የሕክምና መመሪያ ወጣ፤ መሣሪያ በሌለበትም አስምን ከሲኦፒዲ በጥያቄ መለየት ያስተምራል። በልጅነት የጀመረና የሚመጣ የሚሄድ ከሆነ ወደ አስም፤ ከአርባ በኋላ ጀምሮ ሳይለቅ የሚብስ ከሆነ ወደ ሲኦፒዲ። ልዩነቱ ቃል ብቻ አይደለም። የአስም ታማሚ በየቀኑ የሚሳብ ስቴሮይድ ይጠቅመዋል፤ የጭስ ታማሚዋን ግን ከሁሉ የሚበጃት ከጭሱ መራቅ ነው።

በ2019 ከጉራጌ ዞን አበሽጌ ወረዳ የተሰማው ቁጥር አስደንጋጭ ነው፤ ከተመረመሩት አዋቂዎች ከመቶ 18 ገደማ ሲኦፒዲ ተገኘባቸው። በኢትዮጵያ ትምባሆ የሚጠቀመው አዋቂ ከመቶ አምስት አካባቢ ነው፤ ይህን ያህል ታማሚ በሲጋራ ብቻ ሊገኝ አይችልም። በዚያው ዓመት የሕዝብ ቦታ ላይ ማጨስን የሚከለክለው አዋጅ 1112 ጸደቀ። ጥሩ አዋጅ ነው። ለላስታ እናት ግን ምንም አልለወጠም፤ እርሷ የምትታፈነው በገዛ ቤቷ ነው።

2021 ሁለት ነገር ይዞ መጣ። በምዕራብ ጎጃም ሜጫ ወረዳ በመቶ ቀጠናዎች የተከፋፈሉ 5,508 ሕፃናትን የተከታተሉ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ የተሻሻለ የመጋገሪያ ምድጃ የሕፃናትን የሳንባ ምች በጉልህ እንዳልቀነሰ አስታወቁ። የሚያሳዝን ቢሆንም አልተገረምኩም። እንጀራው በአዲሱ ምድጃ ቢጋገር፣ ወጡና ቡናው፣ ለጠላው የሚቆላው አሻሮ በዚያው በጉልቻ ላይ ነው። ግማሹን ጭስ መቀነስ ግማሹን በሽታ አይቀንስም። ሁለተኛው ነገር ጦርነቱ ነው። በነሐሴ ላሊበላ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች፤ እስከ ታኅሣሥ ከእጅ ወደ እጅ ተቀያየረች። የሰሜን ወሎ ጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ መብራት ለወራት ጠፋ። የኤሌክትሪክ ምጣድ የገዙ የከተማ ሴቶች ወደ ማገዶ ተመለሱ፤ ያለ መብራት የማይሠራው የኦክስጅን ማምረቻም ዝም አለ።

በ2023 ሁለት የቆዩ ስሕተቶች በወረቀት ላይ ታረሙ። የአሜሪካ የደረት ሐኪሞች ማኅበር የስፓይሮሜትር ስሌት ዘር መጠየቁን እንዲያቆም ወሰነ፤ የካርትራይት ቅሪት ከ172 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የዓለም አቀፉ መመሪያ ደግሞ በሽታውን በመንስኤው ሲከፋፍል ለማገዶ ጭስና ለተበከለ አየር የራሱን ፊደል ሰጠው፤ ከሲጋራው እኩል። ዴሊ ላይ ከተጻፈው 64 ዓመት በኋላ ምድጃው በስሙ ተመዘገበ።

ስፓይሮሜትር በሌለበት የላስታ ጤና ጣቢያ ይህ ፊደል ጥያቄ ሆኖ ነው የሚገባው። ፓፉን በቀጥታ መሳብ ለሚቸግራቸው ታማሚዎች የተበሳ ግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ እንደሚያግዝ በ1999 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በልጆች ላይ ተሞክሮ ታይቷል፤ ያ ፕላስቲክ በላሊበላ መንገድ ዳር ሞልቷል። የሜክሲኮው ሒሳብም ወረቀትና እስክርቢቶ ብቻ ነው የሚፈልገው። «ሲጋራ ያጨሳሉ?» ሲባሉ «ኧረ በስመ አብ!» የሚሉ እናት አሉ እንበል። ከእናታቸው ጎን ሆነው መጋገር የጀመሩት በአሥር ዓመታቸው ነው፤ ዛሬ ሃምሳ ሆኗቸዋል። ጧት ቁርስ፣ ቀን ምሳ፣ ማታ እራት፣ በመሐል ቡና፤ ለበዓል ጠላ። ነርሷ በቀን አምስት ሰዓት ብላ ትጽፋለች። አምስት ጊዜ አርባ፣ ሁለት መቶ።